ወደ አጥሩ የዞረ መስኮት

አንዲትን ልጅ ከልቡ የሚወድ ወንድ፣ ወደ አባቷ መሬት የሚያይ መስኮት ምን ቆርጦት ይሠራል?

እማማ አልቪና ይህን ጥያቄ ከማለዳ ጀምረው ቢያገላብጡት መልስ አላገኙለትም። ድንች ሲልጡ ቆይተው፣ ልጣጩን ድስቱ ውስጥ፣ ድንቹን ደግሞ ቆሻሻው ውስጥ መጨመራቸውን ያዩት ውኃው መፍላት ሲጀምር ነው። ልባቸው አልነበረም። ልባቸው ከወጥ ቤቱ መስኮት ማዶ፣ ከጉብታው ጀርባ፣ የኩቢያኮች ጫካ ውስጥ በቆመው የአደን ማማ ላይ ነበር።

"በዓይኔ አየሁት እኮ ነው የምልሽ፣ እማዬ!" አለ ልጃቸው ሮልፍ፣ ጭቃ የላሰ ቦቲውን እንኳ ሳያወልቅ። "ትራክተሩ ላይ ሆኜ ፀሐይዋ ስትወጣ መስታወቱ ዓይኔ ላይ ቦግ አለብኝ። በሦስቱ ግድግዳ ጠባብ ጠባብ ቀዳዳ ነው ያለው። ወደ እኛ አጥር በዞረው ላይ ግን ላም የሚያሳልፍ መስኮት ገጥሞበታል!"

"ላም እንኳ አያሳልፍም" አሉ እማማ አልቪና። "የኔ የድሮው የወጥ ቤት መስኮት ነው። ጎተራ ውስጥ አቧራ ከሚጠጣ ብዬ እኔው ነኝ የሰጠሁት።"

"ይባስ ብሎ! በገዛ መስኮታችን የገዛ አጋዘናችንን ሊገድል!"

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ብሪታ ቀና አላለችም። የሮልፍ አንድ ልጅ ናት፤ እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች በእማማ አልቪና እጅ ነው ያደገችው። የያዘችው ኩባያ ውስጥ የቀረ ነገር የለም፤ እሷ ግን እንደያዘችው ነው።

"አባቱም እንዲሁ ነበር የጀመረው" አለ ሮልፍ። "ዘር ከልጓም ይስባል። ከእንግዲህ ዌስሊ ኩቢያክ በዚህ በር ከገባ፣ እኔ በዚያኛው እወጣለሁ።"

በአሜሪካ ሰሜን ዊስኮንሲን ጫካዎች ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ሕግ አለ። ከጎረቤትህ አጥር አጠገብ ማማ ከሠራህ፣ ወደ እሱ የዞረው ግድግዳ ዕውር ይሁን። ከዚያ ወገን ቀዳዳ ያበጀ ሰው፣ ከሽቦው ማዶ ያለውን እመኛለሁ ብሎ በአደባባይ እንደተናገረ ይቆጠራል። የዌስሊ አባት ስታን ኩቢያክ ደግሞ ከመመኘትም አልፏል። የእማማ አልቪና ባለቤት ሃልቮር በሕይወታቸው የመጨረሻ ኅዳር፣ ደረታቸውን ይዘው እያሳሉ፣ አንድ ባለ ትልቅ ቀንድ አጋዘን ሲጠብቁ ነበር። ስታን ከአጥሩ ላይ ተደግፎ ተኩሶ ገደለው፤ በሽቦው ሥር ጎትቶም ወሰደው። ሃልቮር የዚያኑ ክረምት አረፉ። አጋዘኑ አይደለም የገደላቸው፤ ሳንባቸው ነው። ይህን እማማ አልቪናም ያውቃሉ፣ ሮልፍም ያውቃል። ግን ማወቅ ሌላ፣ መርሳት ሌላ።

ስለዚህ የሟቹ የስታን ልጅ፣ እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ የሚሠራውና በተጎታች ቤት ብቻውን የሚኖረው ዌስሊ፣ የእማማ አልቪናን ቤተሰብ፣ የቶርገርሰኖችን፣ የግቢ በር ሲያልፍ ቀላል ነገር አልነበረም። በሁለቱ ቤቶች መካከል ሽቦ ብቻ አልነበረም የተዘረጋው።

ብሪታ ኩባያውን አስቀመጠችና ጃኬቷን አነሣች። "ራሱን እጠይቀዋለሁ።"

"ልጄ፣ መጀመሪያ እኮ…" አሉ እማማ አልቪና።

"መጀመሪያ ምን፣ እማማ?"

እማማ አልቪና ያንኑ ሲፈልጉ ብሪታ ወጥታ ሄደች። ፒክአፕ መኪናዋ ከግቢው ሲወጣ፣ በደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር አብሮ ሲወጣ ተሰማቸው።

በጋውን እንዴት ይርሱት? ዌስሊ ድርቆሽ ሊያግዝ ይመጣና ዝንብ የሚከለክለውን የወጥ ቤቱን የወንፊት በር ለቆት ይገባል። ጧ!

"በሩን!" ይላሉ እማማ አልቪና።

"ይቅርታ፣ እማማ!" ይላል። ሲወጣም ደግሞ ጧ! "አንተ ልጅ፣ በጎተራ ነው እንዴ ያደግኸው?" "በጎተራማ ቢሆን በር የሚባል ነገር አላውቅም ነበር፣ እማማ።" ሮልፍ እንኳ አንዴ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ከጀርባው ሲስቅ አይተውታል። መኸሩ ሲያልቅ ደግሞ፣ "የአደን ወቅቱ ከተከፈተ በኋላ መጥተህ ልትለኝ የምትፈልገውን ነገር እሰማለሁ" ብሎት ነበር። ከሮልፍ አፍ ይህ ማለት ግማሽ ምርቃት ነው።

ዌስሊ ማማውን መሥራት የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ቅጠሉ ሳይረግፍ ማለቅ አለበት፤ የቀለሙና የአዲሱ እንጨት ሽታ ለቆ፣ አጋዘኖቹም ከዛፎቹ እንደ አንዱ እንዲለምዱት። መሰንጠቂያው የጣለውን ጠማማ ዝግባ እየለቀመ አራቱን ምሰሶዎች አቆመ። ወለሉን በአሮጌ ምንጣፍ አለበሰው፤ ቦት ጫማ ሲንቀሳቀስ ድምፅ እንዳይሰማ። የበሩን ማጠፊያ በዘይት ፈንታ በሻማ አሸው፤ ዘይት ይሸታል። በየምሽቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ለብሪታ እያንዳንዱን ምስማር ይተርክላት ነበር።

"ስንት ሰው ይይዛል?" አለችው አንድ ምሽት።

"አንድ አዳኝና አንዲት ለፍላፊ።"

"ለፍላፊዋ ማናት?"

"ገና አልጠየቅኋትም።"

እማማ አልቪና ከውስጥ ባቄላ ሲፈለፍሉ ሰምተው ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ፈሩ። ያገራቸው ሰው ማማው ላይ ቦታ የሚያካፍለው ለደሙ ብቻ ነውና።

ብሪታ ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ታውቃለህ፣ ወዲያ ማዶ መኖር የሚያስፈራኝ ምን እንደሆነ? የእማማ መብራት። ከልጅነቴ ጀምሮ ከከብቶቹ ስመለስ እሱን እያየሁ ነው የምገባው። ከአንተ ቤት ጉብታው ይጋርደዋል። ሞኝነት ነው፣ አይደል?"

ዌስሊ አልሳቀም። ወደ ጉብታው ዞረና፣ አንድ እንጨት ከመቁረጡ በፊት በዓይኑ እንደሚለካ ሰው ረጅም ጊዜ አየው። በማግሥቱ ጎተራ ውስጥ የተጣለውን የወጥ ቤት መስኮት ለመናቸው።

"ለማማ ይተልቃል እኮ።"

"ትልቅነቱን ነው የፈለግሁት፣ እማማ። ለብሪታ ግን አይንገሯት። አደኑ የሚከፈት ዕለት በራሷ ዓይን ታየዋለች።"

ምን እንዳሰበ አልጠየቁትም። ፊቱ ላይ ያለውን ብርሃን በጥያቄ ማጥፋት አሳዝኗቸው ነበር።

አሁን ያ ብርሃን ትዝ ሲላቸው መቀመጥ አቃታቸው። የሃልቮርን ምርኩዝ አነሡ፤ እሳቱን አጠፉ፤ ማጥፋታቸውን እንደገና ተመልሰው አዩ፤ ከዚያ በሜዳው አድርገው ወደ አጥሩ ሄዱ። ጉብታውን ወጥተው ሲወርዱ ቤታቸው ከጀርባቸው ጠፋ። ሽቦውን በምርኩዛቸው ተጭነው ተሻገሩ፤ ቀሚሳቸው ተያዘና ተቀደደ። በዚህ ዕድሜያቸው አጥር ሲዘሉ ሰው ቢያያቸው ምን ይላቸዋል?

ማማው በአራት እግሩ ቆሞ ቁልቁል አያቸው። ሮልፍ ያለው እውነት ነው። ከታች ሲያዩት ያ ሰፊ መስታወት አጥሩን አፍጥጦ ነው የሚያየው።

"ይኸን ካልወጣሁ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም። ከወጣሁ ደግሞ ሬሳዬ ነው የሚወርደው" አሉ ጮክ ብለው። ከበረንዳው ደረጃ ሌላ ወጥተው አያውቁም። ግን የመሰላሉን የመጀመሪያ እርከን ሲረግጡ ገረማቸው፤ እርከኖቹ ተቀራርበዋል። ዌስሊ ረጅም ነው፤ በሁለት እርምጃ የሚጨርሰውን መሰላል ለማን ብሎ ነው እንዲህ ያቀራረበው? ብሪታ አጭር ናት። በመሰላሉ ጎንና ጎን እጅ መያዣ ተመትቷል፤ ስንጥር እንዳይወጋ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደ ዳቦ ለስልሷል።

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሃልቮርን እየጠሩ፣ ወጡ።

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፤ ምንም ድምፅ አልነበረውም። ቀስ ብሎ፣ እንደ ዓይን ሽፋን። ውስጡ ለሁለት ሰው የሚሆን መቀመጫ አለ። የጠመንጃው ማስደገፊያ የተመታው በግራ በኩል ነው። ዌስሊ በቀኝ እጁ ነው የሚተኩሰው። ግራኟ ብሪታ ናት።

በሦስቱ ግድግዳ ያሉትን ጠባብ መስኮቶች ነካኳቸው፤ ሁሉም በማጠፊያቸው ለስለስ ብለው ወደ ውስጥ ተከፈቱ። ወደ ትልቁ ዞሩ። እጀታ ፈለጉ፤ የለም። ማጠፊያ ፈለጉ፤ የለም። መቀርቀሪያም የለም። ዙሪያውን በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል፤ ክፍተቱም በሙጫ ተደፍኗል። በመዳፋቸው ገፉት፤ ንቅንቅ አላለም።

ይህ መስኮት አይከፈትም። በማይከፈት መስኮት ደግሞ ማንም ምንም አይገድልም።

ከዚያ ቀና ብለው በመስታወቱ አሻግረው አዩ። ከታች የጋረዳቸው ጉብታ አሁን ከእግራቸው በታች ነው። ከጉብታው በላይ፣ ከሜዳው ማዶ፣ የገዛ ወጥ ቤታቸው መስኮት ከነቀይ አበባው ልክ መሐል ላይ ተቀምጧል። ከመብራቱ ጋር። ዛሬም ሳያጠፉት ነው የወጡት።

እማማ አልቪና በብሪታ መቀመጫ ላይ ቁጭ አሉና አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። ያን ምሽት ዌስሊ ጉብታውን ለምን እንደለካው አሁን ገባቸው። ሰው እንዲህ ሲወደድ በሕይወታቸው አንዴም አላዩም። ደስታቸው ግን ገና ሳይሞቅ ፒክአፑ ትዝ አላቸው፤ ብሪታ መሰንጠቂያው ደርሳለች።

ሲወርዱ እንዴት እንደወረዱ አያውቁም። ሜዳውን እየሮጡ ነው የተሻገሩት፤ ሩጫ ከተባለ። ግቢው ሲደርሱ ፒክአፑ ቆሟል፤ ብሪታ መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታለች።

"አልኩት፣ እማማ" አለች ቀና ሳትል። "ሰዎቹ ሁሉ ቆመው ነበር። መጋዙን አጠፉት። 'ለምን ወደ እኛ አዞርከው?' አልኩት። 'ወጥተሽ አይተሽዋል?' አለኝ። 'ምን ያወጣኛል፣ ከመንገድ ይታያል እኮ!' አልኩት። 'ብሪታ፣ ወጥተሽ አይተሽዋል?' አለኝ ደግሞ። እኔም…" መሪውን በሁለት እጇ ጨመቀች። "'የአባትህ ልጅ ነህ፤ ከአጥራችን ራቅ' አልኩት።"

"እሱስ?"

"ጓንቱን አጠለቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ዝም ያለው ጥፋተኛ ስለሆነ ነው፣ አይደል እማማ? ነው በይኝ።"

እማማ አልቪና በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ሰደው ጸጉሯን ነኩ። ምነው ዱዳ በሆንሁ አሉ በልባቸው። "ልጄ፣ መስኮቱ አይከፈትም።"

"ምን?"

"በብሎን የታሰረ ነው። ወጥቼ በእጄ ገፍቼው መጣሁ።"

"የማይከፈት መስኮት ለአዳኝ ምን ያደርግለታል?"

"ለአዳኝ ምንም። የኔን መብራት ነው የሚያሳየው።"

ብሪታ ቀስ ብላ ቀና አለች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ምንም አልታየም፤ ከዚያ፣ በረዶ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው፣ ዓይኖቿ ተከፈቱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ከአፍ የወጣ ግን ምኑ ይለቀማል?

ያን ዕለት ሮጣ ማማው ላይ ወጣች፤ እስኪመሽ ጠበቀችው፤ አልመጣም። ስልኩን አያነሣም። ወደ ተጎታች ቤቱ ሄደች፤ የተቀበላት ውሻው ብቻ ነው። ለሮልፍ የነገሩት እማማ አልቪና ናቸው፤ ራት ላይ። ሮልፍ ሹካውን ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖረ።

"ታዲያ ለምን አልተናገረም?"

"አንተ ብትሆን ትናገር ነበር? በሰው ፊት እንደ ሌባ ቆመህ፣ 'ስለምወዳት ነው' ትል ነበር?"

ሮልፍ ሳህኑን ገፋ አደረገው። ያን ምሽት ማንም አልበላም።

ከጉብታው ጀርባ ደግሞ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ምስማር ሲመታና ምስማር ሲነቀል ድምፁ አንድ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሦስቱም የትኛው እንደሆነ ያውቁታል፤ ዌስሊ እየነቀለ ነው።

አደኑ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ አዳኞች የሚለብሷቸው ብርቱካናማ ካፖርቶች ምድጃው አጠገብ ተሰቅለው፣ የወጥ ቤቱ በር ተንኳኳ። እማማ አልቪና ደነገጡ። ይህን በር የሚያንኳኳ ሰው የለም።

ዌስሊ ነበር። በሱፍ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር አቅፏል። ከስቷል። ብሪታ ላይ አንዴ ብቻ ዓይኑን ጣል አደረገ፤ ወዲያው እሳት እንደነካ እጅ ሰበሰበው። የያዘውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ብርድ ልብሱን ገለጠው። መስኮቱ ነው። መስታወቱ ታጥቦ ተወልውሏል።

"አደራዎን መለስኩ፣ እማማ አልቪና። አልተሰነጠቀም።"

"እኔ መልስልኝ አልኩህ እንዴ፣ ልጄ?"

ሮልፍ ተነሣ። በዚያኛው በር እወጣለሁ ያለው ሰው፣ ወንበር ሳበለት። "ና ቁጭ በል" አለ። "እኔ ያን መስታወት ሳይ… አባትህ…"

"አባቴ ያደረገውን እኔም አውቃለሁ፣ ጋሽ ሮልፍ" አለ ዌስሊ፤ አልተቀመጠም። "ስለዚህ ነው እንዲከፈት ያልሠራሁት። ምናልባት እኔም አንድ ቀን ከሽቦው ማዶ ትልቅ ቀንድ ባይ እንዳልፈተን። ብፈልግ እንኳ እንዳልችል።"

ሮልፍ ወንበሩን እንደያዘ ቀረ። ትልቁ ሰው በዚያች ደቂቃ ትንሽ መሰለ።

"ዌስ" አለች ብሪታ። "ወጣሁ እኮ። አየሁት።"

"አውቃለሁ። የጫማሽን ጭቃ ምንጣፉ ላይ አየሁት።"

"ታዲያ ለምን አፈረስከው?"

"ሁለቴ ጠየቅሁሽ፣ ብሪታ። ሁለቴ። 'ወጥተሽ አይተሽዋል?' አልኩሽ። 'አላየሁም፤ ና አሳየኝ' ብትዪኝ እኮ መጋዙን እዚያው ጥዬ እጅሽን ይዤ ነበር የምወጣው።" የብርድ ልብሱን ጫፍ አጥፎ አስተካከለ። "አየሽው፤ ግን ከፈረድሽብኝ በኋላ ነው።"

"ይቅር በለኝ! በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት እመልሰዋለሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆሜ እናገረዋለሁ!"

"ይቅር ብዬሻለሁ። የዚያኑ ዕለት ነው ይቅር ያልኩሽ።" ባርኔጣውን በእጁ አዞረው። "ግን ቃልሽ ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። በመሰላሉ ስወጣ 'የአባትህ ልጅ ነህ' ይለኛል። ስወርድ ይለኛል። ነገ በማለዳ ወደ አጎቴ እሄዳለሁ፤ ወደ ሚኒሶታ። ዛፍ ቆራጭ ይፈልጋሉ።"

"ነገ?" አለ ሮልፍ። "አደኑ በሚከፈትበት ቀን?"

ያገራቸው ሰው ለአደን መክፈቻ ብሎ ሠርጉን ያስተላልፋል፤ ያቺን ማለዳ ጥሎ የሄደ ሰው ግን ተሰምቶ አይታወቅም። ከዚህ በኋላ ማንም 'ቆይ' ሊለው ድፍረት አላገኘም።

ብሪታ ብቻ በሩ ፊት ቆመች። እጇ፣ ያ ግራ እጇ፣ በመዝጊያው ላይ ነው። "ምሰሶዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ አይቻለሁ። ነገ እዚያ ነው የምሆነው፣ ዌስ። ብርድ ላይ፣ ያለ ግድግዳ፣ ያለ ጣሪያ። ከነገ ወዲያም። አንድ ነገር በለኝ። ስድብም ቢሆን።"

ዌስሊ ዓይን ዓይኗን አየ። እማማ አልቪና ያን አስተያየት እስኪሞቱ አይረሱትም። ጉብታውን የለካበት ዓይን ነው፤ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ፣ ምን ያህል ከፍታ እንደሚፈልግ። እጁን አንሥቶ ጣቶቿን ከመዝጊያው ላይ አንድ በአንድ፣ እንደሚሰበር ነገር፣ አነሣቸው። ለአፍታ በእጁ ያዛቸው። ከዚያ ለቀቃቸው።

ባርኔጣውን ደፋ። ወጣ።

እማማ አልቪና ትከሻቸውን ሰበሰቡ፤ በጋውን ሙሉ የለመዱትን ያን ጧ! ጠበቁ። "በሩን!" የሚለው ቃል ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር። ዛሬ ብቻ ይምታው፣ ቤቱን ያናውጠው፣ አበባዬንም ይጣልልኝ ብለው ለመኑ።

ዌስሊ ግን በሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ አጋዘን እንዳይደነግጥ የማማ በር እንደሚዘጋ ሰው፣ ቀስ አድርጎ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ዘጋው።